የኪራይ አዋጁ ወደ ወረዳ ከተማ መቼ ይመጣል? ለክልላችን የከተማና መሠረተ ልማት ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር የቢሮ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ትንሽ የወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የከተማዋን ስም አልጠራም። አከራዬ ፌስቡክ ይጠቀማሉ፤ እኔ ደግሞ በዚህ ክረምት ቤት ፍለጋ በጭቃ መዞር አልፈልግም።

የቤት ኪራይ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው አዲስ አበባን ነው። እኛን ግን "እናንተማ በርካሽ ነው የምትኖሩት" ይሉናል። ብሩን ብቻ ካዩት ልክ ናቸው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ተከራይ ቦሌ ቢወደድበት ወደ ጎሮ፣ ጎሮ ቢወደድበት ወደ ቱሉ ዲምቱ ይሸሻል። እኛ የምንሸሽበት የለንም። ከተማችን በእግር ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ታልቃለች፤ ከዚያ ወዲያ የገበሬ ማሳ ነው። አከራዮቹም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። አንዱ ሲጨምር እሑድ እድር ላይ ይወራል፣ በሳምንቱ ሁሉም ይጨምራል።

እዚህ ኪራይ የሚቆረጠው የመንግሥት ደመወዝ እየታየ ነው። ቤት የሚከራየው መምህሩ፣ ነርሱ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊውና ፖሊሱ ነው። ስንት እንደምናገኝ አከራዮቻችን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚል በቴሌቪዥን ሲነገር ደስ ብሎን ነበር። አከራዬም አብረውኝ ሰሙ። ጭማሪው ባንክ ሳይገባ 1,800 ብር የነበረው ክፍሌ 3,000 ገባ። ክፍሉ ያው ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ ስድስት ቤተሰብ የሚጋራው ሽንት ቤት። ምጣድ መሰካት ክልክል ነው፤ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ መብራት የምንከፍለው በአምፖል ቁጥር ነው።

አከራዬን ክፉ ናቸው አልልም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በሦስት ክፍል ኪራይ ነው። ጤፉም ዘይቱም ለሳቸው አልረከሰላቸውም። "አንተ ደመወዝ ሲጨመርልህ ለኔ ማን ይጨምርልኛል?" ብለውኛል። መልስ አልነበረኝም።

ይልቅ ከኔ የባሱትን ልንገርዎ። ትምህርት ቤታችን የሚማሩት የከተማው ልጆች ብቻ አይደሉም። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ብዙ ናቸው። ቤታቸው በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ስለሆነ ደርሶ መልስ አይሞከርም። አራትና አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አርብ ከሰዓት ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እንጀራው ሐሙስ ላይ ይሻግታል፤ ደርቆ የተቀመጠ ድርቆሽ ያለው ያን ቀን ጌታ ነው። ወላጅ ኪራዩን የሚከፍለው እህል ሸጦ ነው። መስከረም ላይ ደግሞ የገበሬ ጎተራ ባዶ ነው፤ አዝመራው የሚደርሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። አከራይ የሚጨምረው ግን መስከረም ላይ ነው፤ ተማሪው የሚጎርፈው ያኔ ነዋ። በዚህ መሀል አባት ምርጫ ውስጥ ይገባል። ወንዱና ሴቷ እኩል ዘጠነኛ ክፍል ቢደርሱ ማን ቤት እንደሚቀር እርስዎም ያውቁታል። ሴቷ ብትላክም ርካሽ ቤት የሚገኘው ዳር ላይ ነው፤ አጥር የለውም፣ በሩ አይቆለፍም። መምህር ሆኜ ስም ስጠራ መልስ የማይሰጥ ሲገጥመኝ፣ አንዳንዴ ምክንያቱ የሒሳብ ትምህርት አይደለም። ኪራይ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሥራ ልምጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ቆየ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። አዋጁ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ጠርቶ፣ የክልል ከተሞችን ግን ክልሎች እንዲወስኑ ትቷል። እንግዲህ ነገሩ ያለው በእናንተ እጅ ነው። የእኛ ከተማ ሰው የሚያውቀው ውል በቃል ነው። "ልጄ ከአረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ" ከተባሉ በወሩ መውጣት ነው። ልጅቷ ብዙ ጊዜ አትመጣም። በሌላ ዋጋ ሌላ ተከራይ ይመጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከአዋጁ ውስጥ ለኛ ትልቁ ነገር የዋጋው ቁጥጥር አይመስለኝም። ዋጋ ብቻ ቢታሰር አከራዩ በወረቀት ሌላ፣ በእጅ ሌላ ይቀበላል፤ ያም ካልሆነ ክፍሉን እህል ማስቀመጫ ያደርገዋል። ሁለት ዓመት ሳይነቀሉ መቀመጥ ግን ብዙ ይለውጣል። ተማሪ ሁለት ክፍል ይጨርስበታል። ነርሷም የዝውውር ማመልከቻዋን ትንሽ ታቆየዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም ደፍሮ የማያነሳው። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱት ትርፍ ቤቶች በኛም ከተማ አሉ። የቀበሌ ቤት እንላቸዋለን። ኪራያቸው ከገበያው ጋር ዝምድና የለውም። ችግረኛ የሚኖርባቸው ይኑርባቸው፤ ያ ተገቢ ነው። ግን የራሱን ቤት ሠርቶ የቀበሌውን ቤት ለሌላ የሚያከራይ ሰው የለም እንዴ? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በትንሽ ከተማ ቆጠራው የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ቆጥራችሁ የተለቀቁትን በግድግዳና በበር አጠናክራችሁ ለሩቅ ቀበሌ ሴት ተማሪዎች ብትሰጡ፣ አዲስ ሕንፃ እንኳ አያስፈልግም።

የቤት መሥሪያ ቦታን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሳይጻፍላችሁ የቀረ የለም። መምህራንና ጤና ባለሙያዎች በማኅበር ተደራጅተን ፋይል ካስገባን ቆይተናል። ከተማ ዙሪያው ሰፊ ማሳ ሆኖ ቤት የጠፋበት ምክንያት ለኔ አይገባኝም። ለገበሬው የሚከፈለው የመሬት ካሳ ከሆነ ችግሩ፣ ካሳው ነው በሉን። በጨረታ ሊዝ ደግሞ የደመወዝተኛ አቅም ከነጋዴው ጋር አይወዳደርም።

የምጠይቅዎ እንግዲህ ይኸው ነው። ክልሉ አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች ሲወስን የዞን ከተሞች ላይ አይቁም፤ የወረዳ ከተሞችንም ይጨምር። የውል ቅጹ በአንድ ገጽ ይሁንና ቀበሌ ላይ በነፃ ይመዝገብ። እንደ አከራዬ ያሉትም እንዳይሸሹ፣ በሁለትና ሦስት ክፍል የሚተዳደሩ አዛውንቶች ግብር እንዴት እንደሚታይ አስቀድሞ ይነገራቸው። ይህ ሁሉ ደግሞ ከነሐሴ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ የተማሪ ክፍል የሚያዘው ያኔ ነው።

መልስዎን በከተማ አስተዳደራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢያስለጥፉልን እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተከራይ መምህር