ለትዕግሥት፣ ከባሕር ዳር

ትጌዋ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። እማዬም በርትታለች፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ስምሽን ሳታነሳ አትቀርም። ስልክ በእጃችን ይዘን እንዲህ መጠፋፋታችን መቼም ጉድ ነው። ዛሬ ልደውል ሲባል ዲዩቲ ይመጣል፣ ነገ ሲባል ይከርማል። ወቀሳውን ስንገናኝ እንካፈለዋለን። አሁን የምጽፍልሽ በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ ስለምታቋርጪኝ ነው፤ አውቅሻለሁ።

ዲግሪዬን እንድማር ዕድሉ መጥቶልኛል። ምርጫው ሁለት ነው፦ ሚድዋይፈሪ (አዋላጅነት) ወይስ የሕፃናት ነርሲንግ። እቤት ውስጥ ክርክር የለም፣ ሁሉም ሚድዋይፍ ሁኚ ነው። እማዬ “እመቤቴ የምትቆምበት ሥራ ነው፣ ምን ያጠራጥራል” ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ስለ ምደባ ነው የሚያወራው፤ እውነት ለመናገር ነገሩ ልክ ነው። አዋላጅ የማይፈልግ ጤና ጣቢያ የለም፣ ዘጌም ብትሄጂ ደቅም ብትሻገሪ ሥራ አለሽ። የሕፃናት ነርስ ግን በአብዛኛው የሆስፒታል ሰው ናት። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ካልቀጠሩኝ ተመልሼ እዚያው ተመላላሽ ክፍል መርፌ ስወጋ ልገኝ እችላለሁ። አንቺም ገና ተማሪ ሳለን “ያንቺ እጅ የአዋላጅ እጅ ነው” ብለሽኝ ነበር፤ አልረሳሁትም።

እኔ ግን ፎርሙ ላይ የሕፃናቱን ልሞላ ነው። ቆይ፣ አትቆጪ፣ ምክንያቴን ስሚ።

ማዋለጃ ክፍሉን ጠልቼው አይደለም። ባለፈው ክረምት እዚያ ተመድቤ ስሠራ አንድ ሌሊት ከሐይቁ ዳር መንደር የመጣች የበኩር ወላድ ነበረች። ጀልባ ላይ ሆና ነው ምጧ የጠናው። አዋላጇ በየግማሽ ሰዓቱ ፒናርዱን፣ ያንን ቀንድ የመሰለ ማዳመጫ፣ ሆዷ ላይ ደግፋ የልጁን ልብ ትቆጥራለች፣ የምጥ መከታተያው ወረቀት፣ ፓርቶግራፉ ላይ ነጥብ ታደርጋለች። በደቂቃ 140፣ 136፣ ከዚያ 120። ከ110 እስኪወርድ ድረስ ደህና ነው ብላ አረጋጋችኝ፤ ዓይኗ ግን ከሰዓቷ አልተነቀለም። ንጋት ላይ ልጁ ወጣ፣ አላለቀሰም። አደረቅነው፣ ጀርባውን አሸነው፣ ዝም። በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን አምቡ ባግ አፍንጫና አፉ ላይ ገጥሜ ትንፋሽ ስሰጠው ደረቱ ብድግ ማለት ጀመረ፣ ከዚያ ያ ልቅሶ! ሴቶቹ ውጭ እልል አሉ፣ አያቲቱ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” እያሉ በር ላይ አለቀሱ።

ልነግርሽ የፈለግሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። እኔ ልጁን አቅፌ ቀርቻለሁ፤ ከንፈሩ ቀላ አልቀላ እያልኩ። አዋላጇ ግን አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችውና ወዲያው ወደ እናቲቱ ተመለሰች። ገና ልጁ እንደወጣ ደም እንዳይፈሳት 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጭኗ ላይ ወግታታለች፤ አሁን እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ ማሕፀኑ መጠንከሩን ትዳስሳለች፣ ከታች የሚወርደውን ደም ትከታተላለች፣ እንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑን አገላብጣ ታያለች። እናት የምትሞተው ሁሉም ሰው ልጁን በሚያይበት ሰዓት መሆኑን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ያን ቀን ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜም ዓይኔ ልጁን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ወሊዶች ሁሉ ራሴን አይቼዋለሁ። በሥልጠና ይስተካከላል ትይኝ ይሆናል። ይስተካከል ይሆናል። ግን ለምን ከራሴ ጋር እየታገልኩ እድሜዬን ልፍጀው?

ሰው “ሕፃን ስለምትወጂ ነው” ሲለኝ ደግሞ እስቃለሁ። ጋውን ያየ ልጅ ሁሉ ጮሆ እናቱ ጉያ የሚገባው እኮ ከኔ ሸሽቶ ነው! እንደምታውቂው እዚህ ክረምቱ ሲወጣ ወባው ይነሳል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሕፃናት ክፍሉ ይሞላል፣ ከፎገራም ከደምቢያም ይመጣሉ። የሁለት ዓመት ልጅ የደም ሥር ማግኘት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ካኑላው፣ ያቺ የደም ሥር ቱቦ፣ ከገባ በኋላ እንዳይነቅለው የመድኃኒት ካርቶን ቆርጠሽ፣ በጋውዝ ጠቅልለሽ፣ ከእጁ ጋር በፕላስተር ታስሪለታለሽ። አንዱ ጉደኛ ያንን ካርቶን መኪና አድርጎት አልጋው ላይ ሲነዳው ይውላል። መድኃኒቱ ሁሉ በኪሎ ነው። የወባው መርፌ አርቴሱኔት እንኳ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ 2.4 ይወርዳል፤ ትንሹ ልጅ በኪሎው የበለጠ ይወስዳል ማለት ነው። እኔ ይሄ ስሌት ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

ከሁሉም የምወደው ትንፋሽ መቁጠሩን ነው። ልጁ እስኪረጋጋ መጠበቅ፣ ሸሚዙን ገለጥ ማድረግ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጡ ደረቱን ማየት። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50 ከደረሰ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40 ከደረሰ ፈጥኗል ነው። የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ ቁጭ አትይም። ልጁ እዚህ ጋ አመመኝ አይልሽም፤ እናቱን መጠየቅ አለብሽ። “ጡት ይዟል? ዛሬ ስንት ጊዜ ሸና?” እናትየው የምትመልሰው ግማሹ ምርመራ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ነርስ ትቆጣኛለች ብላ ፀበል ወስዳው እንደነበር ትደብቃለች፤ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ስትጫወቺ ቆይተሽ ነው የሚወጣው። እኔ ለዚህ ትዕግሥት አለኝ። ለምጥ ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ያ ያንቺ ነው።

ሞቱን አላወራሽም፣ ሁለቱም ጋ አለ።

የምደባው ነገር ግን ያሳስበኛል፤ አልዋሽሽም። እዚያ ካለሽበት ሆስፒታል የሕፃናት ነርሶች ተምረው ሲመለሱ በሙያቸው ይመደባሉ ወይስ የትም ይወረወራሉ? ቆንጆ አድርገሽ ጠይቂልኝ። ፎርሙ እስከ ሰኔ መጨረሻ ስለሆነ ብዙ አትቆዪ። ልትቆጪኝም ከሆነ በዚያው ጻፊልኝ፣ ግን ምክንያትሽን አስቀምጪ፤ “እጅሽ” ብቻ ብትይኝ አልሰማሽም።

እማዬ በርበሬ አስፈጭታልሻለች፣ ሰው ሲገኝ እልክልሻለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ፣
ሰብለ