ሳሚ፣ ካሴቱ እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለወንድሜ ለሳሚ፣

እንደ ድሮው «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ሦስት ዓመት ድምፁን ያጠፋ ሰው ምን አፍ አለውና ጤና ይጠይቃል።

የጋሼን ማረፍ የሰማሁት ከፌስቡክ ነው። ፎቶአቸው ከሻማ ጋር ወጥቶ አየሁት። ወዲያው ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ምን እንደምል ጠፋኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ ብዬ አደርኩ። አርባቸው አለፈ። ሰማንያቸው አለፈ። ከዚያ በኋላ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ። ሰበብ የለኝም፣ ሳሚ። ለቅሶ አልደረስኩም፤ በቃ። እግዜር ያጥናችሁ። የእትዬን ጉልበት ስመህ ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ታዲያ ዛሬ ምን አስነሳህ ትለኝ ይሆናል። አንድ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው ያስነሳኝ። ሳቅ፣ ግድ የለም።

አሁንም ሌሊት ነው የምሠራው። ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ቢሮ አጸዳለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ የሆነ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ ይሄዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ክላሲካል ያጫውታል። እኔም ለምጄዋለሁ፣ ዝምታውን ይሰብርልኛል። አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ወለል እየወለወልኩ የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። ሙዚቃ የለውም፣ ብቻውን ነው። ስለ ኢየሱስ ደም ይዘምራል። ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርስ ያለው አይመስልም። ዘመረ፣ ጨረሰ፣ ደግሞ ጀመረ። ያችኑ። ደግሞ ያችኑ። ሬዲዮው የተበላሸ መሰለኝ። መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ሄድኩና መታ መታ አደረግኩት። ለካስ ምንም አልሆነም። ከሽማግሌው ድምፅ ሥር ቫዮሊንና ቼሎ ቀስ ብለው እየገቡ ነው።

ያን ሌሊት ግማሹ ፎቅ ሳይወለወል አደረ።

ሰውየው ጋቪን ብራያርስ ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። በ1943 ዮርክሻየር ውስጥ ጉል በምትባል ከተማ ተወለደ። ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው ፍልስፍና ነው። ጎን ለጎን ጃዝ ውስጥ ኮንትራባስ የሚሉትን ትልቁን ባለ ክር መሣሪያ ይጫወት ነበር፤ በ1966 ባሱን አስቀመጠና ወደ ድርሰት ዞረ።

በ1971 ለንደን እያለ አላን ፓወር የሚባል ጓደኛው ጎዳና ላይ ስለሚያድሩ ሰዎች ፊልም ይሠራል። ቦታው ኤለፋንት ኤንድ ካስልና ዋተርሉ ጣቢያ አካባቢ ነው። እኔ በየሌሊቱ የማልፍበት ሰፈር፣ ልብ በል። ሲቀረጹ አንዳንዶቹ ስካር ላይ ሆነው መዝፈን ይጀምራሉ። አንዱ ከኦፔራ ቆንጥሮ፣ ሌላው የድሮ የፍቅር ዘፈን። አንድ ሽማግሌ ግን መጠጥ የሚባል አይቀምስም። እሱ መዝሙር ዘመረ። ፊልሙ ተቆርጦ ሲያልቅ መዝሙሩ አላስፈለገም፤ ከተጣለው ጋር ተጣለ። ብራያርስ ያንን ትርፍራፊ ቴፕ ወሰደው።

ቤቱ ሲያጫውተው የሽማግሌው ድምፅ ከፒያኖው ቅኝት ጋር ገጠመ። መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ማንም ድምፅ ሳይሰጠው፣ ልክ ላይ አርፏል። ከመዝሙሩ የመጀመሪያዋን ክፍል ቆረጣት። 13 ባር፣ ማለት 13 የምት ክፍል ናት፣ ግማሽ ደቂቃ አትሞላም። እሷው እየተመላለሰች እንድትሄድ ጫፍና ጫፏን አገናኛት።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ነው እኔን የያዘኝ። ብራያርስ ያኔ ሌስተር ውስጥ አንድ የሥነ ጥበብ ክፍል ውስጥ ያስተምር ነበር። ቴፑን ወደ ረጅም የቴፕ ጥቅል ለመገልበጥ መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ከፈተው። በሩ ሰፊ የሥዕል ስቱዲዮ ጋ ይወጣል። በሩን ሳይዘጋ ቡና ሊጠጣ ሄደ። ሲመለስ ሁልጊዜ የሚንጫጫው ስቱዲዮ ጸጥ ብሏል። ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ነው የሚራመደው። ጥቂቶቹ ለብቻቸው ተቀምጠው ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሳሉ። ምን ሆነው ነው ብሎ ግራ ገባው። ቆይቶ ነው ሽማግሌው አሁንም እየዘመረ መሆኑን ያስተዋለው።

እኔን የገረመኝ ማልቀሳቸው አይደለም። እሱ ትቶት ቡና ሊጠጣ መሄዱ ነው። በእጁ የያዘውን አላወቀውም ነበር።

ከዚያ ኦርኬስትራ ጻፈለት። የጻፈበት መንገድ ነው ጉዱ። አዛውንቱ የራሱ አረማመድ አለው። አንዷ ቃል ላይ ይዘገያል፣ ሌላዋ ላይ ይቸኩላል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ቆራርጦ፣ ምቱን አስተካክሎ፣ «ንጹሕ» ያደርገው ነበር። እዚህ ግን የተማሩት ሙዚቀኞች ናቸው ያልተማረውን ሰው የሚከተሉት። እሱ ሲዘገይ ይዘገያሉ። መጀመሪያ ብዙ ዙር ብቻውን ይዘምራል። ከዚያ አራት የክር መሣሪያዎች ይመጣሉ፣ ከዚያ ወፍራሞቹ፣ ከዚያ እነሱ ወጥተው ሌሎቹ። ማንም ድምፁን አይሸፍነውም። እኛ ሰፈር ንጋት ላይ ደጅ ቆመው የሚያዜሙትን ላሊበሎች ታስታውሳለህ? የእነሱ ዜማ የቤቱን ባለቤት ያሞግሳል፣ ይለምናል፣ ይመርቃል። ይሄኛው ማንንም ምንም አይለምንም። ስለራሱ አንድ ነገር ያውቃል፣ እሱኑ ይደጋግማል።

መጀመሪያ በሸክላ የወጣው በ1975 ነው። የሸክላው አንዱ ገጽ ከዚያ በላይ ስለማይዝ 25 ደቂቃ ገደማ ላይ ቆመ። በ1993 በሲዲ ሲወጣ ወደ 74 ደቂቃ ረዘመ፤ አሜሪካዊው ዘፋኝ ቶም ዌይትስም ገባበት። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይሄኛውን ነው። እኔ አልወደድኩትም፣ እውነቴን ነው። ዌይትስ ያ ጎርናና ድምፁ ያምራል፣ አልክድም። ግን መጨረሻው ላይ አዛውንቱ ይጠፋና ታዋቂው ሰው ብቻውን ይቀራል። ይከነክነኛል። የ25 ደቂቃውን ስማ። በ2019 ደግሞ ቴት ሞደርን ሙዚየም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ፣ 12 ሰዓት ሳይቋረጥ ተጫውተውታል፤ ቤት አጥተው የኖሩ ሰዎችም አብረው ዘምረዋል። እዚሁ ከተማ ሆኜ አመለጠኝ።

አዛውንቱ ይሄን ሁሉ አልሰማም። ሳይጠናቀቅ ሞተ። ስሙ እንኳ አይታወቅም።

ሌሎቹንም ሥራዎቹን ፈልጌ ሰማሁ። ኦፔራዎቹ ላይ ገና አልበረታሁም፤ ረጃጅም ናቸው፣ እንቅልፍም አለብኝ። ግን በ1970 ፖርትስመዝ ከተማ ከተማሪዎቹ ጋር ያቋቋመው ኦርኬስትራ አለልህ፣ አንተን ነው ያስታወሰኝ። ለመግባት ሙዚቃ አለመቻል ይበቃል። ከቻልክ ደግሞ የማታውቀውን መሣሪያ ትይዛለህ። ቀልድ አይደለም፣ ከልባቸው ነው የሚሞክሩት። በ1974 ሮያል አልበርት ሆል ድረስ ገቡ! የእኛ ሚኒ ሚዲያ ባንድ ለንደን ቢሆን ኖሮ ታሪክ ይሠራ ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። አንተና ያ ክር የጎደለው ክራርህ።

ደግሞ ስለ ታይታኒክ የጻፈው አለ፣ ከ1969 ጀምሮ ሲመላለስበት የኖረ። መርከቧ በ1912 ስትሰምጥ ስምንቱ ሙዚቀኞች መጫወታቸውን አላቆሙም፤ አንዳቸውም አልተረፉም። ከሬዲዮ ኦፕሬተሮቹ አንዱ፣ ሃሮልድ ብራይድ፣ ተርፎ ምን ሲጫወቱ እንደነበር ተናገረ። ብራያርስ አንድ የልጅ ጥያቄ ጠየቀ። ውኃው ሲውጣቸው ሙዚቃው ካልቆመስ? እንዲያው ወደ ታች እየወረደ ቢቀጥልስ? ሙዚቃው እንደዚያው ነው። ዜማው ይደጋገማል፣ እየደፈረሰ፣ እየራቀ ይሄዳል። ማርኮኒ፣ የሬዲዮው ሰውዬ፣ ድምፅ አንዴ ከወጣ አይሞትም፣ ይደክማል እንጂ ብሎ ያስብ ነበር ይባላል። ሳይንሱ ይቀበለዋል አላልኩህም።

ይሄን ሁሉ የምዘባርቅልህ አንድ ነገር ለመናገር ፈርቼ ነው።

ያችን ቢጫ ካሴት ታስታውሳታለህ? ከሬዲዮ ዘፈን ስንቀዳባት የነበረችውን? ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ ነበረች፤ ለምን እንደያዝኳት አላውቅም። ማጫወቻ ስላልነበረኝ ስንት ዓመት ከጫማ ሣጥን አልወጣችም። ያን ሌሊት ከሥራ ስወጣ ትዝ አለችኝ። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አንድ አሮጌ ቴፕ በ8 ፓውንድ ገዛሁ። አንደኛው ገጽ ታሽቷል፣ ምንም አይሰማም። ሁለተኛው ላይ ዘፈኑ ገና እንደጀመረ የሲንጀሩ መኪና ይንተከተካል። ትከትከትከት፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ትከትከት። በላዩ ላይ ጋሼ አሉ። ያንጎራጉራሉ። ከሬዲዮው ዘፈን ጋር አይገናኝም፣ የራሳቸው ነው። ጨርቁን ሲያዞሩ ያቆማሉ፣ መኪናው ሲነሳ ይቀጥላሉ።

ዘፈኑን አበላሹብን ብለን ተናደን እንደነበር ትዝ ይልሃል? አንተማ ልትደመስሰው ነበር። እኔ ነኝ ሌላ ባዶ ካሴት እስክናገኝ ይቆይ ያልኩህ። አሁን ዘፈኑን ማን እንደዘፈነው እንኳ ልብ አላልኩም።

40 ሴኮንድ አይሞላም። ወደ ስልኬ ገልብጬዋለሁ። ላጸዳው፣ የመኪናውን ድምፅ ላስወጣለት አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ዋናውን ካሴት በፖስታ አላምነውም፤ ለጥምቀት የሚገባ ሰው አለ፣ በእሱ እልከዋለሁ። ቅጂውን ዛሬውኑ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። እትዬ ባሉበት እንዳትከፍተው። መጀመሪያ ብቻህን ስማው። እስከ መጨረሻው ስማው፤ ቅጂው ሊያልቅ ሲል መኪናው ይቆምና ጋሼ ይጣሩሃል። «ሳሚ፣ በሩን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባ» ይላሉ።

ወንድምህ
ከለንደን