«ያዝልኝ» ብለው ስለሚጠፉ ገዢዎች

ሰላም የዕቃ መሸጫና መግዣ ግሩፓችን አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰን አቤቱታ ተመሳሳይ ነው። ገዢው «መጨረሻው ስንት ነው?» ይላል፣ ትስማማላችሁ። ስታዲየም ጋ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ስትደውሉ «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። ከዚያ ስልኩ ዝግ ነው።

እንግዲህ ያዝልኝ የሚል ሰው ትንሽም ቢሆን ቀብድ ይላክ። ካልላከ ዕቃው ቀድሞ ለመጣ ነው፤ ይሉኝታ ይቅር። ሻጮችም ብትሆኑ ቀብድ ተቀብሎ ለሌላ መሸጥ ነውር ነው። ቀጠሮው ለእናንተ በሚቀርብ ቦታ፣ ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ሰው በሚበዛበት ካፌ በቀን ይሁን። ከቤት ሳትወጡ ደውሉ።

ክፍያ ላይ ግን ጠንከር በሉ። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም፤ ማንም በስልኩ ኤዲት ያደርገዋል። ቴሌብር ከሆነ አፑን ከፍታችሁ ወይም *127# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን በራሳችሁ ዓይን እዩ። የባንክም እንደዚያው። ገዢው «ኔትወርክ ነው፣ አሁን ይገባል» ካላችሁ ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ ጠጡ፣ ዕቃው ግን ከእጃችሁ አይውጣ። (ማኪያቶውን እሱ ይክፈል።)

ደጋግሞ የሚቀጥርና የሚቀር ካለ ለአድሚን በውስጥ ላኩልን። ስልኩንና ፎቶውን ግን ግሩፑ ላይ አትለጥፉ።

አድሚኖቹ