ከኤሊ ደሴት የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽህ አልሻም፤ በዘገየሁ ቁጥር እያፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር እየዘገየሁ ነው። ዛሬ ግን አንተ ካልሰማኸው የማይጥመኝ ወሬ አለኝ፦ ላንጋኖ ላይ ውኃው ደረቴን ሲነካኝ ጮኼ የወጣሁት ሰው፣ በዚህ ሳምንት 18 ሜትር ከባሕር በታች ወርጄ ተመለስኩ።

ያለሁት በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በምትገኘው በኮ ታኦ ነው፤ የስሟ ትርጉም «የኤሊ ደሴት» ሲሆን ስፋቷም 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ከባንኮክ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዤ፣ ከቹምፎን በጀልባ ተሻገርኩ። ዛሬ ሻንጣቸውን ያዘሉ ወጣቶች የሚጎርፉባት ይህች ደሴት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የፖለቲካ እስረኞች የሚጋዙባት ነበረች።

ስለ ሌሊቱ ጭፈራ ብዙ የምጽፍልህ የለኝም። ሳይሪ በሚባለው የባሕር ዳርቻ እሳት የሚያሽከረክሩ ልጆችንና በትንሽ ባልዲ የሚቀርበውን መጠጥ አንድ ምሽት አይቼ ጠገብኩ፤ ጠዋት የሚጠልቅ ሰው ሌሊቱን እንዳይጠጣ ይመከራልና፣ ዕድሜዬን ሳላነሣ ቶሎ የምተኛበት ሰበብ አገኘሁ።

በጀርባ ከታዘለ የአየር ሲሊንደር እየተነፈሱ የመጥለቅ ትምህርቱ የተጀመረው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አሸዋው ላይ ተንበርክከን ነው። የዓይን መነጽሬን ራሴ ውኃ ሞልቼ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ እንዳስወጣው ስታዘዝ፣ ሁለት ጊዜ ብድግ ብዬ ሸሸሁ፤ በሦስተኛው ተሳካልኝ። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ ከውኃው በላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ስለሚጨምር፣ ስንወርድ አፍንጫችንን ይዘን በቀስታ እየነፋን ጆሯችንን እናስከፍት ነበር። ከሁሉ የጠበቀው ትእዛዝ ግን ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ ነው፤ ሲወጡ በሳንባ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ጉዳት ያደርሳልና።

የገረመኝ ቀለሙ ነው። ውኃ አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ብርሃን ስለሆነ፣ እህቴ ለመንገዴ በእጄ ያሰረችልኝ ቀይ ክር ታች ስደርስ አመድ መሰለ፤ ወደ ላይ ስመለስ ደግሞ ቀስ በቀስ ቀላ። እሱን ስመለከት ከጎኔ ያለፈውን ኤሊ ሌሎቹ ሁሉ አይተውት እኔ ብቻ አመለጠኝ።

አሁን የምትስቅበትን ልንገርህ። አሰልጣኙ ደህና መሆኔን በምልክት ሲጠይቀኝ፣ በደስታ አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩለት። ለካ በጠላቂዎች ዘንድ ይህ «ልውጣ» ማለት ኖሯል፤ ክንዴን ይዞ፣ 5 ሜትር ላይ ለጥንቃቄ ሦስት ደቂቃ አቁሞ፣ ቡድኑን ሁሉ አስከትሎ አወጣኝ። «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «ደስ ብሎኝ ነው» አልኩት። የአየራቸውን ግማሽ እንኳ ያልጨረሱት ጓደኞቼ እስከ ጀልባው ድረስ አላነጋገሩኝም።

ከመጨረሻው ጥለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ መብረር ስለማይመከር፣ ዛሬን ያለ ሥራ ተቀምጬ ይህን እጽፍልሃለሁ። በጥቅምትና በኅዳር እዚህ ዝናቡ ስለሚያይል፣ የምትመጣ ከሆነ የካቲት ወይም መጋቢት ይሁን፤ እኔም እመለሳለሁ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አንተም እንደኔ ሦስት ዓመት ሳትቆይ መልስ ጻፍልኝ።

ወንድምህ