የድጋፍ ጥሪ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ የማይቋረጥ የስዕል ትምህርት ለአሥር ትምህርት ቤቶች

የዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ስብስባቸውን በኢንተርኔት ከለቀቁ ቆይተዋል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 የቅጂ መብታቸው ጊዜ ያለፈባቸውን ሥራዎች ምስል ማንም በነጻ እንዲያወርድና እንዲያባዛ ፈቅዷል። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምና የቺካጎው አርት ኢንስቲትዩትም እንዲሁ። የእኛ መምህር ግን በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከኔትወርክ ጋር ሲታገል ደወል ይደወላል።

ስለዚህ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሚሆኑ 400 ምስሎችን መርጠን፣ አውርደን፣ የአማርኛ መግለጫና የክፍል ሥራ አያይዘን፣ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ለሚገኙ አሥር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፍላሽ ልናደርስ ተነሥተናል። ድጋፋችሁን የምንጠይቀው ለዚሁ ነው።

ምስል ብቻውን የግድግዳ ጌጥ ነው። ለምሳሌ ከጣና ሐይቅ አካባቢ የወጣ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ15ኛው መጀመሪያ ብራና ላይ የተሣለ ወንጌል ኒውዮርክ ተቀምጧል፤ ምስሉ ግን ከነጻዎቹ አንዱ ነው። በትልቁ ሲከፈት ሠዓሊው ፊትን በጥቂት መስመር እንዴት እንደጨረሰ፣ ዓይንን ለምን እንዳጎላ፣ ቀለም ከቀለም የሚለየው መስመር የት እንደሚወፍርና የት እንደሚቀጥን ይታያል። በፎቶ ኮፒ የተባዛ ገጽ ላይ ይህ ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ከምስሉ ሥር የምናስቀምጠው ሥራም አጭር ነው፦ ያለ ጥላ፣ በመስመር ብቻ፣ የጎረቤትህን ፊት በ15 ደቂቃ ሣል።

መግለጫው ውስጥ የሥራው ትክክለኛ መጠን የግድ ይገባል። የጃፓናዊው ሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል» 26 በ38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኤ3 ወረቀት ያንሳል። ፕሮጀክተር ላይ ሁለት ሜትር ሆኖ ሲታይ ተማሪው ግድግዳ የሚያህል ሥራ ይመስለዋል። ይኸው ምስል ለድሃ ክፍል የተመቸ ነው፤ ሰማያዊው ደረጃ በደረጃ ስለሚደምቅ ተማሪ ሁሉ በኪሱ ባለው ሰማያዊ እስክሪብቶ ሊለማመደው ይችላል።

በካሬ እያስመሩ በመቅዳት ላይ ብዙ ክፍል የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ምስሉ 3 ለ4 ሆኖ ሳለ ኤ4 ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር እኩል ይከፋፍሉታል፤ ኤ4 ደግሞ ከዚያ ይረዝማል፣ ፊቱም አብሮ ይረዝማል። መፍትሔው መጀመሪያ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር ክልል ማስመር፣ ከዚያ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ መክፈል ነው። ስድስት ወደ ጎን፣ ስምንት ወደ ታች፤ 48 ካሬ። ይህን የሚያሳይ ገጽም ፍላሹ ላይ ይኖራል።

ለምን ሰርቨር (ምስሎቹን አከማችቶ ለብዙ ኮምፒውተር የሚያድል ማሽን) አትገዙም የሚሉን አሉ። አንድ መምህር በአንድ ፕሮጀክተር ለሚያስተምርበት ክፍል ሰርቨር ትርፍ ወጪ ነው፤ መብራት ሲቆራረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው። ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁለት እንሰጣለን፤ አንዱ መምህሩ ጋ፣ ሌላው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ፎልደሮችን ወደ ሾርትካት የሚቀይረው ቫይረስ ከአንድ የኮፒ ቤት ጉብኝት በላይ አይፈልግም። ገበያ ላይ «1 ቴራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ፍላሽ ብዙውን ጊዜ የውሸት ነው፤ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ የተጫነበት ፋይል ይጠፋል። እኛ የገዛነውን ሁሉ ጢም አድርገን ሞልተን፣ መልሰን አንብበን ነው የምናስረክበው።

አሁን ወደ ሚያስፈልገው። ለአንድ ትምህርት ቤት፣ 50 ተማሪ ላላቸው አራት ክፍሎች፣ በሳምንት አንድ ቅጠል ለ16 ሳምንት 3,200 ቅጠል ይሆናል፤ ሰባት ደስጣ ኤ4 ማለት ነው። 100 ባለ 2ቢ እርሳስ (ለሁለት ተማሪ አንድ፣ ሳጥን ውስጥ ክፍል የሚቀር)፣ 50 ላጲስ፣ 50 ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ 20 መቅረጫ። ለውሃ ቀለም 160 ግራም ወረቀት ሁለት ደስጣ፤ 80 ግራሙ ሲረጥብ ይኮማተራል። ፕሮጀክተር ሲበራ ክፍሉን ለማጨለም ጥቁር የመጋረጃ ጨርቅ 12 ሜትር። ፕሮጀክተር የሌላቸው አራት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ለእነሱ የብርሃን ጉልበቱ ከ3,000 ሉመን የማያንስ ያስፈልጋል።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ያገለገለ ፕሮጀክተር ልትልኩ ካሰባችሁ፣ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ አምፖሉ የሠራበትን ሰዓት እዩ። ዕድሜው የተገባደደ ከሆነ አትላኩት፤ መለወጫ አምፖሉ እዚህ ከዕቃው ይወደዳል። ለከፍታ ቦታ የሚሆን የማቀዝቀዣ ምርጫ እንዳለውም አረጋግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ካልፈጠነ ዕቃው ይግላል፣ በክፍለ ጊዜው መሃልም ይጠፋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም ይቅርብን።

ገንዘብ የማይጠይቅ ድጋፍም አለ። የገብረ ክርስቶስ ደስታንና የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ማካተት እንፈልጋለን፤ ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊ መብት ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ገብረ ክርስቶስ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1981፣ አፈወርቅ በ2012 ነው። ያለ ወራሾች የጽሑፍ ፈቃድ አንድም ምስል አንጭንም። ከባለመብቶቹ ጋር ልታገናኙን የምትችሉ እባካችሁ ድረሱልን። መግለጫዎቹን የሚያርሙ የሥነ ጥበብ ምሩቃንም እንፈልጋለን፤ በአንድ ሰው 20 መግለጫ ይደርሳል።

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በብር አልተመንንም፤ አንድ ደስጣም፣ የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ዕቃም መሸፈን ይቻላል። የገባውና የወጣው ከነደረሰኙ በየወሩ መጨረሻ ለሁሉም ይለጠፋል። የተሰበሰበው ካልበቃ ቅድሚያ ወረቀትና እርሳስ፣ ቀጥሎ ፍላሽ ይገዛል፤ ፕሮጀክተር መጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም ምስሉን በቀለም አትሞ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል፣ ያለ ወረቀት ግን የሚሣል የለም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ዕቃው ክፍል ውስጥ እንዲገኝ ድጋፋችሁ እስከ ነሐሴ 15 ቢደርሰን መልካም ነው።