ሮቦቱ እግርን አሳረፈ፤ እጅንስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በኦንላይን የሚሸጡ ትልልቅ ኩባንያዎች መጋዘናቸው ውስጥ ስላሰማሯቸው ሮቦቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነው የጀመርኩት፤ ስጨርሰው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሮቦቱ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ ተጽፏል። ከሮቦቱ አጠገብ ቆሞ ስለሚውለው ሰው ግን አንድም መስመር የለም።

እኔ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ሱቅ አለኝ። በቴሌግራምም የቤት ዕቃ እሸጣለሁ። ዕቃው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶብስ ይመጣል፤ ከመናኸሪያ በባጃጅ አነሳዋለሁ። መጋዘኔ ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ቀኗ የሚያልቀው በመሸጥ አይደለም፤ በመፈለግ ነው። ካርቶን ታወርዳለች፣ ታያለች፣ መልሳ ትጭናለች። ስለዚህ የመጋዘን ሥራ ድካሙ የት ላይ እንደሆነ ይገባኛል።

ሮቦቱም የመጣው ለዚሁ ነው። በኦንላይን የሚሸጠው የአሜሪካው ኩባንያ አማዞን፣ ኪቫ ሲስተምስ የተባለውን የሮቦት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በፊት ሠራተኛው ጋሪ እየገፋ በመደርደሪያዎቹ መሃል ሲመላለስ ነበር የሚውለው። አሁን መደርደሪያው ራሱ ወደ ሰው ይመጣል። ከጉልበት ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ሮቦት መደርደሪያው ሥር ይገባና ብድግ ያደርገዋል፤ ወለሉ ላይ የተለጠፉትን ኮዶች በካሜራ እያነበበ ሠራተኛው የቆመበት ድረስ ያደርሰዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2025 የሮቦቶቹ ቁጥር 1 ሚሊዮን መድረሱን ራሱ አስታውቋል። ድንቅ ሥራ ነው፤ አልክድም።

እግር አረፈ። እጅስ? አንዱ መደርደሪያ ሳይሄድ ሌላው ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ጋዜጠኞች የኩባንያውን የውስጥ መዝገቦች አግኝተው ነበር። ቀድሞ በሰዓት 100 ገደማ ዕቃ ያነሳ የነበረ ሠራተኛ፣ ሮቦት ከገባ በኋላ እስከ 400 እንዲያነሳ ይጠበቅበት እንደነበር ጻፉ። ሮቦት ባለባቸው መጋዘኖች የከባድ ጉዳት መጠንም ከሌሎቹ በግማሽ ያህል በልጦ ተገኘ። ኩባንያው በዚህ አይስማማም። እኔ ግን ዘገባውን ሳነብ ማመን አልከበደኝም፤ ምክንያቱም እናቴን አውቃታለሁ።

እናቴ ቡና ለቃሚ ነበረች። እዚሁ ጅማ፣ አንድ የቡና ማዘጋጃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርታለች። በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ በነቀዝ የተበላውን ፍሬ ትለያለች። ጣቶቿ ከዓይኗ ይቀድሙ ነበር። ማታ ቤት ገብታ ምስር ስትለቅም ወደ እኛ ዞራ እያወራች፣ ሰፌዱን ሳታይ ጠጠሩን ታወጣው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ቡናውን በቀለሙ የሚለይ ማሽን ገባ። ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም። ጠዋት ሲሄዱ ማሽኑ ቆሟል፤ ከእነሱም ግማሾቹ ወደ ቤት ተባሉ። እናቴ ከቀሩት ውስጥ ነበረች። የቀሩት ደግሞ የማሽኑን ጭራ ነው የተከተሉት። እሱ ከለየው በኋላ ያመለጠውን መልቀም ሆነ ሥራቸው፤ እሱ ሳይቆም እነሱ መቆም አልቻሉም። በዚያ ዓመት ነው ትከሻዋን መታመም የጀመረችው።

ማሽኑ ለምን መጣ አልልም። ወገቧን አጉብጣ እንድትኖር የምፈልግ ልጅ አይደለሁም። የምለው ሌላ ነው። የማሽኑ ፍጥነት ሲወሰን የሰው እጅ አብሮ ይቆጠር። ማሽን የሚያስገባ ሰው አንድ ሠራተኛ በሰዓት ስንት እንደሚያነሳ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚያርፍ ማሽኑ ሳይተከል በፊት ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጦ ይስማማ።

ሕጋችን ስለዚህ ጉዳይ ዝም ብሏል ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን ሠራተኛን በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። ቅነሳ ሲሆን አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቹ ጋር እንዲመካከር ያዛል፤ ካሳም አለው። ግን ለእናቴ ማን ተወካይ ነበራት? በቀን ሒሳብ የምትሠራ፣ ወረቀት ፈርማ የማታውቅ ሴት ናት። ወደ ቤት ለተባሉት ጓደኞቿም ማስጠንቀቂያም ካሳም ከበሩ ውጭ ነው የቀሩት። የዛሬዎቹ ጫኝና አውራጆች፣ የኦንላይን ዕቃ የሚያደርሱት ባለ ሞተር ልጆችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው።

ሮቦት ጅማ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል የሚለኝ ይኖራል። የቡናውም ማሽን ሩቅ ነበር። ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ ራሴ ሂርማታ ላይ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ዛሬ ደንበኞቼ አብዛኞቹ በእሱ ነው የሚከፍሉኝ። ማሽኑ ከመጣ በኋላ መነጋገር ለእናቴ አልጠቀማትም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ስለ መጋዘንና ስለ ማሽን በድጋሚ ስትጽፉ ሠራተኛውንም አናግሩት። ጠዋት አይሁን፤ ሥራ ለቆ ሲወጣ፣ እጁ ሲዝል ጠይቁት። ጅማ ከመጣችሁ ከእናቴ ጋር የሠሩ ሴቶች ዛሬም አሉ፤ እኔ ራሴ ወስጄ አገናኛችኋለሁ። እናቴም ቡና አፍልታ ትጠብቃችኋለች።

አንባቢያችሁ፣
ከጅማ