ያዘመመ ጭረት ወይስ የ«እና» ምልክት፦ የመልአክና የሰው ታሪክ ለሚጽፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ፋንፊክ የሚባለው የአድናቂዎች ድርሰት በሥነ ጽሑፍ ገጾቻችን የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው። አንባቢ ወይም ተመልካች የወደዳቸውን ባለታሪኮች ይዞ የራሱን አዲስ ታሪክ የሚጽፍበት ዘርፍ ነው። ሲነሳም የወጣቶች ጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ ይታለፋል። መልአክና ሰው የሚገናኙበት ክፍሉ ግን የራሱ ሕግ ያለው፣ ብዙ የተደከመበት ሙያ ነው። በአማርኛ ሊሞክሩት ለሚያስቡ ይጠቅማልና ለዚህ ደብዳቤ ቦታ እንድትሰጡት እጠይቃለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ምልክት ነው። «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የተባለው የፋንፊክ ማኅደር እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ተከፍቶ በ2019 ሁጎ የተባለውን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ድርሰቱን የሚያስመዘግብ ጸሐፊ በሁለቱ ባለታሪኮች ስም መካከል ያዘመመ ጭረት ካደረገ ታሪኩ የፍቅር ነው፤ የ«እና» ምልክት ካደረገ የወዳጅነት ነው። አንባቢው አንድ ቃል ሳያነብ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ብዙ ድርሰት የሚበላሸው እዚችው ላይ ነው። ጸሐፊው ጭረቱ አንባቢ ይስባል ብሎ ያደርገዋል፤ ከዚያ አሥራ ስምንት ምዕራፍ ሙሉ የሚያምር ወዳጅነት ይጽፍና አሥራ ዘጠነኛው ላይ ድንገት ያፋቅራቸዋል። ፍቅሩ ካልተዘራበት ማሳ የታጨደ ይሆናል። ምልክቱ መመረጥ ያለበት የመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይጻፍ ነው። በእኔ ግምት ደግሞ መልአክና ሰው በሚገናኙበት ታሪክ የሚከብደውም፣ የሚበልጠውም ወዳጅነቱ ነው።

የዘርፉን መልክ የቀረጸው «ሱፐርናቹራል» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 በ15 ሲዝን ታይቷል። ካስቲኤል የተባለው መልአክ የገባው በ4ኛው ሲዝን መጀመሪያ፣ በ2008 ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው ለጥቂት ክፍሎች ብቻ ነበር። ዲን የተባለውን ሰው ከሲኦል ሲያወጣው የእጁ አሻራ ትከሻው ላይ ታትሞ ቀረ። ማኅደሩ ላይ ሁለቱን በጭረት ያገናኙት ድርሰቶች ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ወደዚያች አሻራ ይመለሳሉ። የውለታ ምልክት ናት? የጥበቃ? ወይስ የባለቤትነት? ፊልሙ ጠንከር አድርጎ አልፈታትም፣ ለዚህም ነው ሁሉም የራሱን ፍቺ የጻፈባት። አዲስ ጸሐፊም እንዲህ ያለች አንዲት ምልክት ትበቃዋለች። አሻራ፣ ጠባሳና ላባ ሦስቱንም አንድ ላይ ከጫነ ግን አንዱም ትርጉም አይዝም።

የፍቅሩ ጥንታዊ ንድፍ ደግሞ በእጃችን ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ነው። ምዕራፍ 6 ላይ ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት የሰውን ሴቶች ልጆች ተመኝተው በአርሞንዔም ተራራ ይማማላሉ። መሐላው የመጣው አለቃቸው ስምያዛ፣ ሌሎቹ ቢያፈገፍጉ የኃጢአቱን ዕዳ ብቻውን እንዳይሸከም ስለ ፈራ ነው። ለጸሐፊ ይህች ፍርሃት ከማንኛውም የውበት ገለጻ ትበልጣለች፤ ታሪኩን የጀመረው የዓይን ፍቅር ሳይሆን አብሮ መጥፋት ነውና። ቀጥሎ ሰይፍና ጋሻ መሥራት፣ አምባርና ኩል፣ ሥር መቁረጥና ድግምት ያስተምራሉ፤ ምድር በደም ትሞላለች። ዋጋውን የሚከፍሉት ተፋቃሪዎቹ ብቻ አይደሉም። በፋንፊክ ከሚጎድሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ሦስተኛ ወገን ነው፦ መልአኩ ቦታውን ሲለቅ ሳይጠበቅ የቀረው ሰው ማን ነው? ለዚያ ሰው ስምና አንድ ምዕራፍ ስጡት።

በዚያው በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 15 ላይ ደግሞ ክልከላው ምክንያት አለው። ሚስት ለሟች የተሰጠችው ዘሩ በምድር ላይ እንዳይጠፋ ነው፤ የማይሞተው መንፈሳዊ ግን ይህ አያስፈልገውም፣ ማደሪያውም ሰማይ ነው። ብዙ ድርሰቶች «ሕጉ ይከለክላል» ብለው ያልፋሉ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ አንባቢው «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ ግጭቱ ሁሉ ይረግባል። መጻፍ ሳትጀምሩ ክልከላውን ከነምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩት። ምክንያቱ ትክክል ሊመስል ይገባል፤ ሞኝ ሕግን መጣስ ማንንም አያስጨንቅም።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጸሐፊ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ መምህራን በዘፍጥረት 6 የተጠቀሱትን የእግዚአብሔር ልጆች ደቂቀ ሴት፣ ማለትም የአዳም ልጅ የሆነው የሴት ዘሮች ናቸው ብለው ይተረጉማሉ፤ መላእክት እንደማያገቡም ወንጌል ይናገራል። ስለዚህ ሚካኤልን ወይም ገብርኤልን በስም ጠርቶ አፍቃሪ ማድረግ ምእመኑን ያስቀይማል፤ ለታሪኩም አይጠቅምም፣ አንባቢው ስለ ባለታሪኩ ማሰቡን ትቶ ስለ ጸሐፊው ድፍረት ያስባልና። ስም የለሽ መልአክ ይሻላል። ከሄኖክ የአለቆች ዝርዝር ስም መውሰድም ይቻላል፣ ግን መጽሐፉን ያነበበ ሰው መጨረሻውን ከስሙ ይገምታል።

ወዳጅነቱን የሚያስተምረው መጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦብያ አባቱ ያስቀመጠውን 10 መክሊት ብር ለማምጣት ወደ ሜዶን ሲሄድ መንገድ የሚመራው ሰው ይቀጥራል። ሰውየው አዛርያ እባላለሁ ይላል፤ ደመወዙ በቀን አንድ ድራክማ ነው፤ የልጁ ውሻም ይከተላቸዋል። አዛርያ ቅዱስ ሩፋኤል ነው። አንባቢው ይህን ከምዕራፍ 3 ጀምሮ ያውቃል፤ ጦብያ የሚያውቀው ምዕራፍ 12 ላይ ነው፣ መጽሐፉ በጠቅላላ 14 ምዕራፍ ሆኖ። በመካከሉ ያለውን ሁሉ አጥብቆ የያዘው ይህ ርቀት ነው። የዛሬ ጸሐፊዎች ምስጢሩን ወይ አንባቢውም ባለታሪኩም ገና በጠዋቱ እንዲያውቁት ያደርጋሉ፣ ወይ ለሁለቱም እስከ መጨረሻ ይደብቃሉ። ሁለቱም ይህን ርቀት ያጠፉታል።

ደመወዙንም ልብ በሉ። ወዳጅነቱ የቆመው በተራ ነገር ላይ ነው፦ መንገድ፣ ክፍያ፣ ማደሪያ። ጦብያ መልአኩን «ወንድሜ አዛርያ» እያለ ይጠራዋል። መልአክና ሰውን ያለ አንዳች የጋራ ሥራ ካፌ አስቀምጦ ማነጋገር ግን ከሦስት ምዕራፍ በላይ አይሄድም። የሚያደርሱት ዕቃ፣ የሚያስታምሙት ሰው፣ የሚፈልጉት የጠፋ ልጅ ስጧቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የዓሣው ነው። በጤግሮስ ወንዝ ዓሣው ወደ ጦብያ ሲዘል መልአኩ ራሱ አይዘውም፤ ያዘው ይለዋል። ልብ፣ ጉበትና ሐሞቱን የሚያወጣው ጦብያ ነው፤ በታወረው አባቱ ዓይን ላይ ሐሞቱን የሚቀባውም ጦብያ ነው። መልአኩ ያውቃል፣ ሰውየው ያደርጋል። በፋንፊክ «ኸርት ኮምፈርት» የሚባለው፣ አንዱ ቆስሎ ሌላው የሚያስታምምበት መላ በመላእክት ታሪክ የሚከሽፈው ይህ ክፍፍል ሲጠፋ ነው። መልአኩ በአንድ ንክኪ የሚፈውስ ከሆነ ቁስሉ ግማሽ ገጽ አይቆይም፤ ማስታመም የለም፣ የሌሊት ትኩሳት የለም፣ መቀራረብም የለም። ኃይሉን ወስኑት፤ ወይ ፈውሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፣ ወይ የሰው እጅ ይፈልግ። ገደቡንም ገና አደጋው ሳይደርስ ንገሩን፤ ከአደጋው በኋላ የሚነገር ገደብ ማመካኛ ይመስላል።

የመልአኩ አላዋቂነትም ልክ ይፈልጋል። ሺህ ዓመታት ሰውን ሲመለከት የኖረ መልአክ በር መክፈት አቃተው ሲባል አንባቢ አያምንም። የሚጎድለው የሥጋ እውቀት ነው፦ ረሃብን አይቷል፣ ግን አልተራበም፤ ወረፋ አይቷል፣ ግን እግሩ አልደነዘዘም።

አሁን ለአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የተሰጠ አንድ መሣሪያ ላንሳ። በጸሎት መልአክን የምንጠራው በ«አንተ» ነው፤ «ጠብቀኝ» እንለዋለን እንጂ «ይጠብቁኝ» አንለውም። ያው መልአክ በዕድሜ የገፋ እንግዳ ሆኖ ደጃችን ቢቆም ግን «ይግቡ፣ እርስዎ ከወዴት ነዎት?» እንለዋለን። ማታ በጸሎት «አንተ» ያለችውን ጠዋት ሳታውቀው «እርስዎ» የምትለው ሴት ታሪኳ ከዚህች ልዩነት ብቻ ይወጣል። ማንነቱ ሲገለጥ ወደ «አንተ» መመለሷ ከማንኛውም የክንፍ ትዕይንት ይበልጣል። ለዚህ ሲባል መልአኩ በመልክ ከባለታሪኳ ቢያንስ 15 ዓመት ይብለጥ፤ እኩያ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን «አንተ» ይባላልና መሣሪያው ይባክናል። 20 ምዕራፍ ባለው ድርሰት መሸጋገሪያው 12ኛው ወይም 13ኛው ላይ ቢውል ጥሩ ነው። መልአኩ ደግሞ ምስኪኗን አሮጊት «እማማ፣ ይቀመጡ» ቢላት የሰማይና የምድር ደረጃ በአንድ ቃል ይገለበጣል። ሌላም ጥቅም አለው። የአማርኛ ግሥ «መጣ» ወይም «መጣች» እንድንል ያስገድደናል፤ «መጡ» ግን ጾታ አይነግርም። ወንድም ሴትም ያልሆነን ፍጡር ያለ ጭንቀት ለመጻፍ የአክብሮቱ አነጋገር ይበቃል።

ስለ ክንፍ ባጭሩ። ክንፍ ካላቸው ሕያዋን ወፎች ረጅሙን የሚዘረጋው አልባትሮስ እስከ 3.5 ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ግን 12 ኪሎ ገደማ ነው። 70 ኪሎ የሚያነሳ የሥጋ ክንፍ በሚኒባስ በር አይገባም። ስለዚህ ክንፉ ወይ የማይታይ ይሁን፣ ወይ ሲታይ ምን ቦታ እንደሚይዝ ተቆጥሮ ይጻፍ፤ ምዕራፍ 3 ላይ ወንበር የገለበጠ ክንፍ ምዕራፍ 7 ላይ በጠባብ ደረጃ ሲወርድ መረሳት የለበትም። ላባ የማስተካከል ትዕይንት የተወደደው ለምክንያት ነው፤ ወፎች በምንቃራቸው የራሳቸውን አናትና አንገት ስለማይደርሱበት አንዱ የሌላውን ያበጥራል። ትዕይንቱ የሚሠራው መልአኩ ራሱ የማይደርስበት ቦታ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ ሲሆን ነው። ከድርሰቱ እኩሌታ በፊት ከገባ ግን ከዚያ ወዲያ የሚሰጥ መተማመኛ አይቀርም።

ጭረቱን የመረጠ ጸሐፊ መውደቅን ማምለጥ አይችልም፤ መልአኩ ስለ ፍቅር የማይሞትነቱን የሚተውበት መላ ነው። የተለመደው ስህተት መውደቁን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ማድረግ ነው። ዋጋ ተከፈለ ተብሎ ይነገረናል እንጂ ሲከፈል አናይም። ከድርሰቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ይውደቅ፤ ከዚያ ሥጋ አንድ በአንድ ይድረስበት። መጀመሪያ ረሃብ፣ ቀጥሎ ብርድ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፣ መጨረሻ ላይ መርሳት። ሁሉን ያስታውስ የነበረው የወደዳትን ሴት የትናንት ቃል ሲረሳ ያኔ በእርግጥ ሰው ሆኗል። ጀርመናዊው የፊልም ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ፊልም መላእክት ዓለምን በጥቁርና ነጭ ያያሉ፤ የወደቀው ግን ቀለም ያያል፣ የቀለሞቹንም ስም መንገደኛ ይጠይቃል። ዋጋውም ስጦታውም በዓይን ይታያል። ሁለተኛው ስህተት ሴትዮዋ ሳትጠየቅ መውደቁ ነው። ያልጠየቀችውን ዕዳ ዕድሜ ልኳን ትሸከማለች። አስቀድማ ትወቅ፣ ትከራከረው፣ እምቢም ትበል።

አንድ መላ ግን በምንም ዘዴ አይቃናም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲጠብቃት የኖረ መልአክ ስታድግ አፍቃሪዋ የሚሆንበት። በእኛ ዘንድ ዑቃቤ መልአክ ሕፃንን የሚጠብቅ ነው፤ አሳዳጊ እንጂ እጮኛ አይደለም። ሕፃን ሆና ያያትን ሰው በፍቅር ዓይን ማየት የአማርኛ አንባቢን ይዘገንነዋል፣ መዘግነኑም ትክክል ነው። ጠባቂ ከሆነ ምልክቱ «እና» ይሁን። ጭረቱ የግድ ከሆነ አዲስ የተላከ መልአክ፣ ሙሉ ሰው የሆነች ሴትና እሷ የምታውቀው እሱ የማያውቀው ነገር ያስፈልጋሉ።

በክፍል በክፍል የሚያወጡ ደግሞ በእያንዳንዱ ክፍል ራስ ላይ ምልክቱን፣ የአንባቢውን ዕድሜና ከባድ ጉዳይ ካለ ማስጠንቀቂያውን ይጻፉ። የሌላን ደራሲ ባለታሪክ የወሰዱ አይሽጡት፤ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው።

ወዳጅነትን ለመረጠ የሚቀረው መለያየቱ ነው። ጀማሪዎች መልአኩን በብርሃን ያሳርጉትና ሰውየውን ሰማይ ሲያይ ይተዉታል። በመጽሐፈ ጦቢት አባትና ልጅ ካመጡት ሁሉ እኩሌታውን ለአዛርያ ሊሰጡት ይጠሩታል። እሱ ማንነቱን ይነግራቸዋል፤ በፍርሃት ይወድቃሉ፤ ስበላ ያያችሁኝ ለዓይናችሁ ብቻ ነበር ይላቸዋል። ከዚያም ሳያርግ በፊት ሥራ ይሰጣቸዋል፦ የሆነውን ሁሉ በመጽሐፍ እንዲጽፉት። ቀና ሲሉ የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ጽሑፍ ገጻችሁ አንባቢ